ሠላሳ ዘጠኝ መሸጫና አንድ ፊርማ

ጥር 9 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደ ፊርማዎ ጭራ የረዘመ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎ አይዛል። እናቴ ደህና ነች። «ወንድም ጋሼን ሳሚልኝ» ብላኛለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ግን አልነገረችኝም።

ጋሼ፣ ሆቴልዎ አልቋል! ማለቴ ቀለም ይቀረዋል፣ ሊፍቱም ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ እንደ ጉንፋን ያደርገዋል። ግን አልቋል። ሠላሳ ስድስቱም ክፍሎች በር አላቸው፣ ሠላሳ አምስቱ በሮች ይዘጋሉ። ትናንት ከምድር ቤት እስከ ሰገነቱ አሥራ አንድ ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ፤ ሥራ ኖሮኝ አይደለም፣ አስችሎኝ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። አብረውኝ በሆቴል አስተዳደር የተመረቁት ልጆች የሰው ሆቴል አንሶላ ይቆጥራሉ። እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ የአጎቴን ሆቴል ልከፍት ነው። እንዴት ብዬ ልቀመጥ?

ባለስሞቹ መመሪያቸውን ልከዋል። (ስማቸውን ከነአሠራሩ የሚያከራየንን ኩባንያ እኔና እናቴ «ባለስሞቹ» ነው የምንለው።) አራት መቶ ገጽ ነው። ትራስ ከግድግዳ ስንት ጣት እንደሚርቅ ሳይቀር ተጽፏል። ተቆጣጣሪያቸውም መጥታ ነበር። ሜትር ከእጇ ስለማይለይ ሠራተኛው ሁሉ «ሜትሯ» ብሏታል። የመስታወቱን ቁመት ለካች፣ የፎጣ መስቀያውን ለካች፣ እኔንም በዓይኗ ለካችኝ። ስትወጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ባሩ ከነመጠጥ ፈቃዱ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልቀረበ ስማችንን ከደጃፋችሁ እናነሳለን። ለስሙ ያስያዛችሁት አይመለስም።»

ስለዚህ ትናንትና የፈቃዱን ማመልከቻ ሞልቼ አስገባሁ። ዛሬ ዋጋውን ነገሩኝ። ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡ።

ፈቃድ የሚከፈለው በመሸጫ ቁጥር ነው። የአንድ መሸጫ የዓመት ክፍያ የአንድ አሳላፊ የስምንት ወር ደመወዝ ያህላል። ቅጹ «መጠጥ የሚገኝባቸው ቦታዎች ብዛት» ይላል። እኔ መቼም የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድም ሳላስቀር ቆጠርኩ። ባሩ አንድ፣ ምግብ ቤቱ ሁለት፣ ሰገነቱ ሦስት። ደግሞ መመሪያው በየክፍሉ ትንሽ ፍሪጅ ስለሚያዝ ሠላሳ ስድስት ፍሪጅ። ሠላሳ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ፤ ስምዎን አሳምሬ ከላይ፣ ቁጥሩን አሳምሬ ከታች። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ፣ «እህቴ፣ ከተማውን በሙሉ ነው የምታጠጡት?» አለኝ።

አይደንግጡ። ገንዘብም አይላኩ። መላ አለኝ። ማለቴ እስከሚቀጥለው ደብዳቤ ይኖረኛል።

አክባሪዎ
እርስዎ «ጥድፊያ» የሚሏት የእህትዎ ልጅ

*

ጥር 27 ቀን

ለጥድፊያ፣

ሰላምሽ እንደ ወሬሽ የበዛ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ይህን በኮምፒዩተር በመጻፌ እንዳትቀየሚኝ፣ እኔም ዘመናዊ ሆኛለሁ። ለእናትሽ ንገሪያት፤ ወንድሟ በስተርጅና ቁልፍ ለቀማ ጀምሯል።

ሠላሳ ዘጠኙን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጎረቤቴ ግድግዳ መታ። ከዚያ ደግሞ ደነገጥሁ። እኔ የያዝኩት የሦስት መሸጫ ነው። የሠላሳ ዘጠኝ ከየት ይመጣል? ከአሳላፊዎቹ ደመወዝ እንዳትቀንሺ ብቻ። እኔ በሰው አገር ሃያ ሁለት ዓመት ባርማን ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ደመወዙ ያነሰ አሳላፊ ትሪውን እንዴት እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ። እስከ አዳራሹ ጥግ ይሰማል።

አሁን የምልሽን ልብ በይ። መመሪያው አራት መቶ ገጽ ከሆነ አራት መቶውንም አንብቢ፤ የፈቃዱንም ደንብ እንዲሁ። ባለስሞቹ «ፍሪጅ ይኑር» ነው ያሉት ወይስ «መጠጥ ይኑርበት»? እዚህ እኔ ዘንድ የክፍል እንግዳ ደውሎ ያዛል፣ እኔ ባንኮኒው ላይ እቀዳለሁ፣ አሳላፊው በትሪ ይዞ ይወጣል። ፍሪጁ ውስጥ ውኃና ቸኮላት ብቻ ነው ያለው። እንግዳውም እስከ ዛሬ «ውስኪዬ ደረጃ ወጥቶ ነው የመጣው» ብሎ አልከሰሰንም።

ቃሉን ፈልጊ። ቸኩለሽ የጻፍሽውን ቸኩለሽ አትሰርዥ።

ስለ እኔ አዲስ ነገር የለም። ሥራው ሥራ ነው።

አጎትሽ

*

የካቲት 14 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ቆመው ያንብቡት፤ ባለፈው ካስቀመጥኩበት ይነሡ!

ቃሉን አገኘሁት። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። «ለእንግዳው በክፍሉ ውስጥ መጠጥ ይቅረብለት» ነው የሚለው። ይቅረብለት! «ይቀመጥለት» አላለም። የፈቃዱም ደንብ መሸጫ የሚለው መጠጡ የሚቀመጥበትንና የሚቀዳበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ተሸክመውት የሚሄዱበትን አይደለም። መመሪያውን በግራ፣ ደንቡን በቀኝ ብብቴ ሸጉጬ ወደ ጸሐፊው በረርኩ።

«ደግሞ መጣሽ?» አለኝ ባለመነጽሩ። «ዛሬ ስንት ደረሰ?»

«አንድ» አልኩት።

«አንድ መቶ?»

«አንድ። ባሩ ብቻ። ምግብ ቤቱም ሰገነቱም ክፍሎቹም ከባሩ በትሪ ነው የሚሄድላቸው።»

ሁለቱንም መጽሐፍ አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ፊቱን ወደ ጓደኛው አዙሮ፣ «ይቺን ልጅ እዚህ ብንቀጥራት መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል» አለ። አሮጌው ቅጽ ተቀደደ፣ አዲሱ ተሞላ። ሠላሳ ዘጠኝ የነበረው አንድ ሆነ! እርስዎ ከያዙት የሁለት መሸጫ ገንዘብ ይተርፋል፤ አንድ አሳላፊ እጨምርበታለሁ፣ የቀረው ለሊፍቱ ጉንፋን ይሁን።

አሁን የቀረው የእርስዎ እጅ ብቻ ነው። ፈቃዱ የሚወጣው በባለቤቱ ስም ስለሆነ አምስት ወረቀት ልኬያለሁ፤ አምስቱም ላይ ይፈርሙ። ከሦስት ዓመት በፊት ከባለስሞቹ ጋር በተዋዋሉበት ፊርማ ጎን አስቀምጠው ያመሳክሩታል። እርስዎን ይህ አያሳስብዎትም፤ ልጅ ሳለሁ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ፊርማ ሲያስተምሩኝ «አንድ ሺህ ጊዜ ፈርመሽ አንዱ ከሌላው ካልተለየ ያን ጊዜ ስም አለሽ» ይሉኝ ነበር። አራት መቶ ላይ ደርሼ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ደግሞ የምሥራች። መመሪያው ገጽ ዘጠና አንድ ላይ «የባለቤቱ ፊርማ በናስ ሰሌዳ ተቀርጾ በመግቢያው ይሰቀል» ይላል። ቀራጩ ጋ ሄጄ ፊርማዎን ከውሉ ቅጂ ላይ አሳየሁት። «ይሄ ጭራ ከሰሌዳው ወጥቶ መንገድ ይሻገራል» ብሎኝ እርፍ! በስፋት አንድ ስንዝር ብቻ ነው የተፈቀደው። ሜትሯን ብለምናት አንዲት ጣት አልጨመረችም። እንግዲህ ለጭራዎ መፍትሔ እርስዎ ይንገሩኝ።

እናቴ ያለፈውን ደብዳቤ አገላብጣ አገላብጣ፣ «ፊርማው የታለ?» አለችኝ። ዘመናዊ ሆኗል አልኳት።

አክባሪዎ
ጥድፊያ

*

መጋቢት 6 ቀን

ለጥድፊያ፣

ሰላም ለሁላችሁ። «ይቅረብለት» የምትለዋን ቃል እዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ተረክሁላቸው። ኮርቼብሻለሁ።

አምስቱ ወረቀቶች ከዚህ ጋር አሉ።

የምጠይቅሽ ነገር አለ። የባንኮኒው ቁመት ስንት ነው? ከጀርባው ወንበር ይገባል? ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ወንበር ማለቴ ነው፣ መደገፊያ ያለው። ደግሞ አናጢው የባንኮኒውን ጠርዝ በውስጥ በኩል አንድ ጣት ከፍ ቢያደርገው። ብርጭቆ እንዳይንሸራተት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ለሰሌዳው አትቸኩይ።

አጎትሽ

*

መጋቢት 24 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ባንኮኒው ከፍታው እስከ ደረቴ ነው። ወንበር ይገባል። ስለ ጠርዙ አናጢውን ሳማክረው መመሪያው ለጥ ያለ ነው የሚለው አለኝ፤ ሜትሯ ብታየው ታስነሳዋለች። እርስዎ ደግሞ መቼ ነው ብርጭቆ ተንሸራቶብዎት የሚያውቀው? በአንድ እጅ አራት ብርጭቆ ሲይዙ የተነሡት ፎቶ እኮ ሳሎናችን ተሰቅሏል።

አሁን ወደ አስቂኙ ነገር ልምጣ። ፋይላችንን መለሱት! ባለመነጽሩ አምስቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ «ይሄን የፈረመው ሰውዬው ነው ወይስ በመኪና ላይ ሆኖ የሚሄድ ሰው?» አለኝ። እኔም አየሁትና ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ጋሼ ምን ሆነው ነው? ሲጣደፉ ፈረሙት? አንዱ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፣ አንደኛው ላይ ጭራው መሐል መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመልሷል። ጥድፊያ እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?

«ከውሉ ፊርማ ጋር አይመሳሰልም» ብሎ ቀይ ማኅተም አድርጎበታል። ሌላ አምስት ልኬያለሁ። እባክዎ ረጋ ብለው፣ ጠረጴዛ ላይ ሆነው፣ እንደ ድሮው ይፈርሙልኝ። ጊዜ አለን፤ ሰኔ ሠላሳ ገና ነው።

አክባሪዎ
ጥድፊያ

*

ሚያዝያ 28 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ጤናዎን እጠይቃለሁ። በዚህ ደብዳቤ ከዚህ ሌላ የምጠይቀው ነገር የለም፤ ግን እንደሚያውቁኝ ዝም ማለት አልችልበትም።

ፖስታዎ ትናንት ደረሰ። አምስቱ ወረቀቶች አሉበት፣ ደብዳቤ ግን የለውም። ፖስታውን አራግፌ አየሁት። አምስቱን ፊርማ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ቀስ ተብሎ እንደተፈረመ ያስታውቃል፤ ብዕሩ ወረቀቱን የጫነበት ቦታ በጀርባው ይዳሰሳል። እንዲያም ሆኖ አንዱ ከሌላው አይገናኝም። የመጨረሻው ላይ ከስምዎ ሁለት ፊደል በኋላ ቀለም ብቻ ነው ያለው።

እናቴ ሻይ ይዛ መጣች፣ አየችው። ሻዩን ወረቀቱ ላይ ልታስቀምጥ ምንም አልቀራት። «እጁ ነው» አለች።

«የማን እጅ?»

«አባታችንም እንዲህ ጀምሮት ነበር። መጀመሪያ ስኒውን ነው የሚወቅሱት» አለችና ተነሥታ ወጣች። ኩሽና ውስጥ ንጹሕ ሳህን ስታጥብ ሰማኋት።

ጋሼ፣ ባለፈው ደብዳቤ ዶሮ ብያለሁ። ያንን ደብዳቤ ካላጠፉት ያጥፉት። በኮምፒዩተር መጻፍዎም፣ ወንበሩም፣ ጠርዙም አሁን ገባኝ። ጠርዙን ለአናጢው ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ። አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይሠራል። ሜትሯ የፈለገችውን ትለካ!

ስለ ፈቃዱ ባለመነጽሩን ጠየቅሁት፤ ስለ እርስዎ ምንም አልነገርኩትም፣ «ፊርማው የማይመሳሰል ሰው ምን ያደርጋል?» ብቻ ነው ያልኩት። ደንቡ ይፈቅዳል አለኝ። በሚኖሩበት ከተማ ውል አዋዋይ ፊት ቀርበው በፊርማው ቦታ የአውራ ጣትዎን አሻራ ያኖራሉ፣ አዋዋዩ ያረጋግጣል፣ ያበቃል። ወረቀቶቹን አዘጋጅቼ ልኬያለሁ።

አክባሪዎ
ጥድፊያ

*

ግንቦት 11 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ።

ያልሽውን አንብቤዋለሁ። አላደርገውም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ከዚያ ወዲያ አንጨቃጨቅ። ከቤታችን መጀመሪያ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አባታችን ብልህ ሰው ነበር፤ ግን ከመንግሥት ወረቀት ሲመጣ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትም ነበር። መሥሪያ ቤት ስንሄድ ጸሐፊው እጁን እንደ ልጅ እጅ ይዞ ወረቀቱ ላይ ሲጫንለት አየሁ። አባቴ ጣቱን በሱሪው ሲጠርግ ቀና ብሎ አላየኝም። ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ዕለት ቤት ገብቼ ፊርማዬን ፈጠርኩ። ጭራውን ያስረዘምኩት ለእሱም እንዲበቃ ብዬ ነው።

አሁን በስልሳ ዓመቴ ያንን ጣት ልንከር?

እጄ ከጀመረው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቀኙ ነው። መጀመሪያ ቁርጥማት መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ አንድ እንግዳ ላይ ወይን ደፋሁበት፣ ነጭ ሸሚዝ ላይ። ከባንኮኒው አንሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡኝ። ጠርሙስ እቆጥራለሁ። ማንም አያየኝም። የሚቀዳው አሁን ሌላ ሰው ነው። ሆቴሉን ከጀመርን ወዲህ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፤ የራሴ ባንኮኒ ጀርባ ልቀመጥ፣ ቢንቀጠቀጥም የራሴ ብርጭቆ ነው። ሐኪሙ ሊድን አይችልም፣ ሊዘገይ ግን ይችላል ብሎኛል። ያው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፈቃዱን በአንቺ ስም አውጪው። ድርሻ እሰጥሻለሁ፣ ሕጉ ይፈቅዳል፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ። ሰሌዳውም ላይ ያንቺ ይቀረጽ። አራት መቶ ጊዜ ፈርመሻል፤ ይበቃል።

አጎትሽ

*

ግንቦት 24 ቀን

ለማከብርዎ፣ ለማከብርዎ፣ ለማከብርዎ ጋሼ፣

(ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለው ድፍረት ስለሆነ ነው።)

አይሆንም። ሕጉ እንደሚፈቅድ አውቃለሁ፤ ጠይቄዋለሁ። ነገ ጠዋት ፈርሜ ከነገ ወዲያ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ መስቀል እችላለሁ። ግን ያንን ሆቴል እኔ አልሠራሁትም። እኔ በሩን ቆጠርኩ፣ እርስዎ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመው ሠሩት። መግቢያው ላይ የእኔ ፊርማ ተቀርጾ እርስዎ በዚያ በር ሲገቡ እኔ ወዴት ልመልከት? እኔም ጣቴን በሱሪዬ ልጥረግ?

ስለ አያቴ የጻፉልኝን ለእናቴ አነበብኩላት። እሷ የነገረችኝ ሌላ ነው። አያቴ ከዚያ መሥሪያ ቤት ተመልሶ ማታ ላይ ምን እንዳለ ልንገርዎ፤ እርስዎ ተኝተው ነበር። «ልጁ አፍሮብኛል» አላት እናትዎን። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ አሻራውን በፋኖስ ብርሃን እያገላበጠ፣ «ቢሆንም መሬቱ በዚህ ነው የጸናልን፣ ይቺን ጣት ማንም አይሰርቅብኝም» አለ። እናቴ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር። መሬቱን በኋላ ሸጠው ነው ለእርስዎ ትምህርት የከፈሉት። ስለዚህ ፊርማዎ ራሱ ከዚያ ጣት የመጣ ነው። ይህን እኔ ሳልሆን እናቴ ናት ያለችው፤ ሳህን እያጠበች።

ባለመነጽሩንም አነጋገርኩት፤ በዚህ ጊዜ እውነቱን ነግሬው። «እኔ እዚህ ወንበር ላይ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የተጭበረበረ ፊርማ በየሳምንቱ አያለሁ። በአሻራ ግን እስከ ዛሬ ያታለለኝ የለም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ለአጎትሽ ንገሪያቸው፣ በእኔ በኩል ጣታቸውን የሚይዝ ሰው የለም። በራሳቸው ያኖራሉ» አለኝ። አባትዎ የደረሰበትን ነግሬው አልነበረም፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

ባንኮኒው አልቋል። ጠርዙ አንድ ጣት ከፍ ብሏል። ሜትሯ መጥታ ለካችውና፣ «ይሄ መመሪያው ላይ የለም» አለች። «የባለቤቱ ነው» አልኳት። መለኪያዋን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ስትከተው ያየሁት!

ሰኔ ሠላሳ ሊደርስ አንድ ወር ከሳምንት ቀርቶታል። እኔ አልፈርምም። ስሙ ከደጃፋችን ከተነሣም ይነሣ፤ አልጋው ይቀራል፣ እናቴ ትቀራለች፣ ጉንፋን ያለበት ሊፍት ይቀራል። እርስዎ ያሰቡበትን ያድርጉ፣ እኔ ግን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ።

ደፋርዎ
ጥድፊያ

*

ሰኔ 7 ቀን

ለደፋሯ፣

ሰላም።

ፖስታሽ ከመጣ አራት ቀን ኪሴ ውስጥ አደረ። ስለ ፋኖሱ አላውቅም ነበር። ሃምሳ ዓመት አላውቅም ነበር። እናትሽን ይህን እስከ ዛሬ የት ደበቅሽው በይልኝ።

ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ውል አዋዋዩ ጋ ሄድኩ። ተራዬን ስጠብቅ ግራ እጄ ቀኙን ይዞት ነበር። የተቀበለችኝ አንቺን የምታህል ልጅ ናት። የቀለም ሣጥኑን ከፍታ ወደ እኔ ገፋችውና ወደ መስኮቱ ዞር አለች፤ ስልክ የምታይ መሰለች እንጂ ስልኳ ጠፍቶ ነበር። ብቻዬን ነከርኩ፣ ብቻዬን አኖርኩ። ያስገረመኝ ነገር፣ ጣት ሲጫን እጅ አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው አየር ላይ ሲሆን ነው።

አምስቱም ከዚህ ጋር አሉ። እዩአቸው፤ አምስቱ አንድ ናቸው። ሺህ ጊዜ መለማመድ አላስፈለገም።

ጣቴን በሱሪዬ አልጠረግሁም። እንደ ቀለመ ሥራ ገባሁ።

የመልስ ትኬት እንዳልገዛሁ ለእናትሽ ንገሪያት፤ የመሄጃውን ብቻ ነው የገዛሁት። ወንበሩ መደገፊያ እንዳለው አረጋግጪ።

በዚህ ደብዳቤ ግርጌ በፊርማዬ ቦታ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

*

ሰኔ 26 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንኳን ደስ ያለዎት፣ እንኳን ደስ ያለን፣ ጉዞዎ የቀና ይሁን!

ይህ ደብዳቤ ከመነሣትዎ በፊት ይድረስዎት አይድረስዎት አላውቅም፤ ካልደረሰዎት እዚሁ ባንኮኒው ላይ አነብልዎታለሁ።

ፈቃዱ ትናንት ወጣ። ባለመነጽሩ ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ዘለለ። ወረቀቱ ላይ «የመሸጫ ብዛት፦ አንድ» ይላል፤ ከጎኑ የእርስዎ ስም፣ ከሥሩ የእርስዎ ጣት። ከማስረከቡ በፊት ቀና ብሎ አየኝና፣ «እህቴ፣ ሠላሳ ዘጠኙ ቢሆን ኖሮ ጣታቸው ያልቅ ነበር» አለኝ። ሜትሯ ፈቃዱን አየች፣ ቀኑን አየች፣ አራት ቀን ሲቀረው! «ስሙ ይቆያል» አለች። ከዚያ ባንኮኒው ጀርባ ገብታ፣ ማንም ሳያዝዛት፣ ወንበርዎ ላይ ቁጭ ብላ ሞከረችው። «መደገፊያው ጥሩ ነው» ብላ ወጣች። እንዲያ ናት እንግዲህ።

ተጨማሪውን አሳላፊ ቀጥሬያለሁ። እሱ ይቀዳል፣ እርስዎ እንዴት እንደሚቀዳ ይቆጡታል። ሠላሳ ስድስቱ ፍሪጆች ውኃና ቸኮላት አላቸው። ሊፍቱ ድኗል፤ አሁን የሚያስነጥሰው ሦስተኛ ፎቅ ብቻ ነው። እናቴ ክፍልዎን ሦስት ጊዜ አጽድታ ትራሱን ከግድግዳ ያራቀችው በስንት ጣት እንደሆነ ልትለካ ሜትር ስትፈልግ አገኘኋት።

የመጨረሻው ስለ ሰሌዳው ነው። ገጽ ዘጠና አንድን አሥር ጊዜ አነበብኩት። «የባለቤቱ ፊርማ» ይላል እንጂ በብዕር አይልም። የላኩልኝን ደብዳቤ ለቀራጩ ወሰድኩለት። መነጽር ላይ መነጽር ደርቦ ሁለት ቀን አጎንብሶበት ዋለ፤ ክቡን በክብ፣ መስመሩን በመስመር ቀረጸው። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ስንሰቅለው እናቴ አውራ ጣቷን አንሥታ ናሱ ላይ ለካችው።

ቀራጩን ሂሳብ ልከፍለው ስል፣ «ለመሆኑ ያ ጭራው ከሰሌዳ የሚወጣው ሰውዬ ምን ሆነ?» አለኝ።

«እሱ ነው» አልኩት። «አሁን ልክ ገባ።»

በር ላይ የምትጠብቅዎ
ጥድፊያ